«አረማመድሽ ደስ አይልም!» ያላት ጓደኛዋና የእግራችን ምስጢር

ለዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጨዋታ ስለ ፊት ቅባት ወይም ስለ ፀጉር አሠራር አይደለም። ከሁሉም በታች ሆኖ፣ ጫማ ውስጥ ታፍኖ፣ ላብና አቧራ ጠጥቶ ስለሚውለው ስለ እግራችን ነው። «እግር ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉኝ። ወሬስ ሞልቶታል!

አማርኛችን እግርን ረስቶት አያውቅም። ሳናስበው አንድ ቦታ ከተገኘን «እግር ጥሎኝ» እንላለን። ነፍሳችንን ለማዳን ስንፈተለክ «እግሬ አውጪኝ» ነው። ያንገበገበን ነገር «የእግር እሳት» ሆነብን እንላለን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባለ ያላደገ ልጅም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ለመሆኑ እንቁላሉ ይቅርና እኛ ራሳችን በእግራችን የምንሄደው እንዴት ነው? ተረከዛችን መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ አውራ ጣታችን መሬቱን ገፍቶ እስኪለቅ ድረስ እዚያ ታች ምን ይካሄዳል? ይሄን ጠይቀን አናውቅም። የምንጠይቀው ሲያመን ብቻ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ጠይቄ፣ አንብቤ፣ አሸዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ዱካ አይቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የመልካ ጀብዱ አሸዋ ምን ይላል?

ድሬዳዋን የምታውቁ ከከዚራ በሳቢያን በኩል ወደ ምዕራብ ስትወጡ መልካ ጀብዱን ታገኛላችሁ። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ወንዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው የሚፈስበት። ከባጃጁ ወርዶ ወደ መንደሩ የሚገባ ሰው ሁሉ አቧራውና አሸዋው ላይ የእግሩን ማኅተም አትሞ ያልፋል። የግመል ኮቴ፣ የፍየል ኮቴ፣ የነጠላ ጫማ፣ የሸራ ጫማ፣ ባዶ እግር... ሁሉም እዚያ አለ። ጋዜጣ ነው በሉት!

አንድ ቀን በጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ ከአንድ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ ጋር ቆሜ ይሄንን «ጋዜጣ» አብረን አነበብን። እሳቸው በዱላቸው ጫፍ እያሳዩኝ፣ «ይሄ ሸክም ይዟል፣ ጠልቋል። ይቺ ደግሞ ትቸኩላለች፣ ጣቷ አሸዋውን ወደ ኋላ ወርውሮታል። ይሄኛው ግራ እግሩን ያመዋል፣ በግራ በኩል ቶሎ ቶሎ ነው የሚያነሳው» አሉኝ። «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ማን አስተማረህ?» አልኳቸው። (በድሬ ወግ «አንቱ» ብሎ ነገር ብዙም የለም፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ!) ሳቅ ብለው፣ «ግመል የጠፋበት ሰው ማንበብ ይማራል» አሉኝ።

አንድ የጤነኛ ሰው ባዶ እግር ያተመውን ዱካ ልብ ብላችሁ ብታዩት የአረማመዱን ታሪክ በሙሉ ጽፎላችኋል። ተረከዙ ጋ፣ በተለይ ከኋላ ወደ ውጭ በኩል ጠለቅ ይላል። መሐሉ ላይ በውስጥ በኩል ያለው ቦታ ሳይነካ ይቀራል፤ በውጭ በኩል ግን ቀጭን መስመር ይኖራል። ከዚያ ከጣቶቹ በታች ያለው ሰፊው ክፍል ይጠልቃል። በመጨረሻ አውራ ጣቱ አሸዋውን ወደ ኋላ ገፍቶ ትንሽ ክምር ይሠራል። ከኋላና ከውጭ ተጀምሮ፣ ከፊትና ከውስጥ የሚያልቅ ጉዞ ማለት ነው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

52 አጥንት ከታች

በአንድ እግራችን ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉ። በሁለቱ እግር 52 ይሆናሉ። የአንድ አዋቂ ሰው ጠቅላላ አጥንት 206 ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ከአጥንታችን ሩብ ያህሉ ጫማችን ውስጥ ነው ማለት ነው! በእነዚህ አጥንቶች መካከል 33 መገጣጠሚያዎች ያሉ ሲሆን፣ አጥንቱን ካጥንቱ የሚያስሩትና ከጡንቻ የሚያገናኙት ጅማቶች ደግሞ ከጡንቻዎቹ ጋር ሲደመሩ ከመቶ በላይ ናቸው።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? እግራችን ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎችን መሥራት ስላለበት ነው። መሬት ሲነካ እንደ ስፖንጅ መለስለስ አለበት፤ አለበለዚያ ምቱ ወደ ጉልበታችንና ወደ ወገባችን ይወጣል። መሬቱን ገፍቶ ሲነሳ ደግሞ እንደ ብረት መጠንከር አለበት፤ አለበለዚያ በጭቃ ዱላ መሬት እንደመግፋት ይሆንበታል። አንድ አካል በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ስፖንጅም ብረትም ይሆናል። አይገርምም?

የአንድ እርምጃ ታሪክ

አንድ እግር ተረከዙ መሬት ከነካበት እስከሚቀጥለው ጊዜ እንደገና እስኪነካ ድረስ ያለው ዙር በተለመደ አረማመድ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው 60 ከመቶ ያህሉን ነው። በቀረው 40 ከመቶ አየር ላይ ይወዛወዛል። ስንራመድ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ የሚሆኑባቸው አጫጭር ቅጽበቶችም አሉ። እነዚያ ቅጽበቶች ጠፍተው ሁለቱም እግር አየር ላይ የሚሆንበት ጊዜ ከመጣ ያ እርምጃ ሳይሆን ሩጫ ነው። በእርምጃ ውድድር ላይ ዳኞች ተወዳዳሪዎችን የሚያባርሩት አንዱ በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ሂደቱን በዝግታ እንየው።

አንደኛ፦ ተረከዝ። እግራችን መሬት የሚነካው በተረከዛችን ውጫዊ የኋላ ጠርዝ ነው። ያገለገለ ጫማችሁን አሁኑኑ ገልብጣችሁ እዩት። ከኋላ በውጭ በኩል ትንሽ ተበልቷል አይደል? እንግዲያው አትደንግጡ፤ እግራችሁ ሥራውን እየሠራ ነው። ከተረከዛችን ስር ያለው ወፍራም የስብ ትራስም የመጀመሪያውን ምት ይቀበላል።

ሁለተኛ፦ መላላት። ክብደታችን ሲያርፍበት እግሩ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። ባለሙያዎች ፕሮኔሽን ይሉታል። የውስጥ እግራችን ቅስት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መገጣጠሚያዎቹ ይላላሉ፣ እግሩ ኮረትም ይሁን አሸዋ ካረፈበት መሬት ጋር ይስማማል። የቅልጥማችን አጥንትም አብሮ ወደ ውስጥ ይዞራል። አንዳንድ ሰው «እግሬ ወደ ውስጥ ይዘነብላል» ብሎ ይጨነቃል። መዘንበሉ በመጠኑ ከሆነ በሽታ ሳይሆን ድንጋጤ መቀበያ ነው። መኪናም እኮ ባሌስትራ አለው!

ሦስተኛ፦ መሐል። አሁን ሰውነታችን በአንድ እግር ላይ ብቻ ነው። ያኛው እግር ከጎን እያለፈ ነው። ሲያልፍ የጣቶቹ ጫፍ ከመሬት የሚርቀው አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ድንጋይ እንኳ በድንገት የምታደናቅፈን። እግራችን ጉልበት ቆጣቢ ስለሆነ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ አይሄድም።

አራተኛ፦ መጠንከር። ተረከዛችን ከመሬት ይነሳል፣ ቅልጥማችን ወደ ውጭ ይመለሳል፣ ቅስቱም ከፍ ይላል። የላሉት መገጣጠሚያዎች ይቆለፋሉ። ይሄን የሚያደርገው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ስር የተዘረጋ ጠንካራ የውስጥ እግር ጅማት ነው። ጣቶቻችን ወደ ላይ ሲታጠፉ ጅማቱ በአውራ ጣት ስር ይጠቀለላል። የጉድጓድ ውሃ በሚቀዳበት እንጨት ላይ ገመድ ሲጠቀለል ባልዲው ወደ ላይ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ይሄም ቅስቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ሂክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ይሄንን አሠራር ጽፎ ያሳወቀው የመርከብ መልሕቅ ከሚጠቀለልበት መሣሪያ ጋር አመሳስሎ ነው።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። ወንበር ላይ ቁጭ በሉና ባዶ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። ከዚያ አውራ ጣታችሁን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱ። ቅስቱ ብድግ ሲል አያችሁት? ጡንቻ ሳታዙ፣ ምንም ሳታደርጉ! በየእርምጃው የሚሆነው ይሄው ነው።

አምስተኛ፦ ስንብት። የባታችን ጡንቻ በተረከዝ ጅማት በኩል ይስባል፣ ክብደታችን ወደ አውራ ጣት ይሸጋገራል፣ አውራ ጣት መሬቱን ይገፋና እግሩ ይሄዳል። በእርምጃ ጊዜ መሬት እግራችንን መልሶ የሚገፋበት ኃይል ከክብደታችን በጥቂቱ ይበልጣል፤ 60 ኪሎ ሰው ከሆናችሁ እስከ 70 ኪሎ ያህል በሉት። ስንሮጥማ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በቀን 6,000 እርምጃ የሚራመድ ሰው እያንዳንዱን እግሩን 3,000 ጊዜ እንዲህ ያሠራዋል። ቅሬታ ሳያሰማ!

ለፍቅር ሲባል የተለወጠ እግር

አሁን ወደ ርዕሴ ልመለስ። ይሄን ሁሉ እንድጠይቅ ያደረገችኝ አንዲት የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 23 ነው። ጠዋት ባጃጅ ይዛ ወደ ከተማ ትወርድና አንድ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሸጣለች። «ስሜን እንዳትጽፊ እንጂ ሌላውን ጻፊ» ብላኛለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከአንድ ልጅ ጋር ትዋደዳለች። ልጁ መልካም ነው፣ ሥራ አለው፣ ሽማግሌ ስለመላክም ያወራል። ታዲያ አንድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ በሩቁ ስትመጣ ያያታል። ሲገናኙ፣ «አቦ፣ አረማመድሽ ደስ አይልም። እንደ ወታደር ተረከዝሽን ነው የምትመቺው» ይላታል። ለእሱ ቀልድ ነበር። ለእሷ ግን የእግር እሳት ሆነባት።

ከዚያ ቀን ጀምራ እግሯን መለወጥ ጀመረች። በቴሌቪዥን እንዳየቻቸው ሞዴሎች አንዱን እግር ከሌላው ፊት በአንድ መስመር ማስቀመጥ፣ መሬት በጣት ጫፍ መንካት፣ ተረከዝን ዘግይቶ ማውረድ። ጫፉ ሹል የሆነ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማም ገዛች። ቤት ስትገባ ደግሞ ወረቀት በመሰለች ስስ ነጠላ ጫማ ትውላለች። «ሁለት ወር እንደ ፈተና አጠናሁት እኮ» አለችኝ እየሳቀች። ያኔ ግን አልሳቀችም። በሦስተኛው ወር ጠዋት ከአልጋ ወርዳ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትረግጥ ተረከዟ ስር ቢላ የተሰካ ያህል ያማት ጀመር። ትንሽ ከሄደች ይሻላታል። ቁጭ ብላ ስትነሳ ደግሞ ይመለሳል።

ቤተሰብ «ብርድ ነው» አለ። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አለ። ወጌሻ ጋ ሄዳ ታሸች፤ አልዳነችም። ሱቅ ውስጥ መቆም ሲያቅታት ሥራዋን ልትለቅ ደረሰች። በደመወዟ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምር ልጅ ናት። ሥራው ከቀረ የቀረው ሁሉ አብሮ ይቀራል። ለልጁም አልነገረችውም፤ «ስታነክስ አየኋት እንዳይል» ብላ ሰበብ እየፈጠረች ትሸሸው ጀመር። እሱ ደግሞ ሌላ የያዘች መሰለው። አያችሁ፣ አንዲት ቃል የት እንደምታደርስ!

በመጨረሻ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ሄደች። ባለሙያው በመጀመሪያ ያደረገው ነገር አስገረማት። «እስቲ ጫማሽን አውልቀሽ ሂጂ» አላት። እየተጠበበች በጣቷ ጫፍ ተራመደች። «እንደሱ አይደለም፣ ማንም እንደማያይሽ ሆነሽ ሂጂ» አላት። ተራመደች። «ይሄ አረማመድ ምን ጎደለው? ሰው ሲራመድ በተረከዙ ነው የሚጀምረው። የተፈጠርሽው እንደዚህ ነው» አላት።

እንዳስረዳት ከሆነ የታመመው ያ ገመድ መሰል የውስጥ እግር ጅማት ነው፤ ተረከዙ ላይ በተያያዘበት ቦታ። በጣት ጫፍ መራመድ የባትን ጡንቻና ይሄንኑ ጅማት ያለ ዕረፍት ይወጥራል። ከፍ ያለ ተረከዝ ሲዘወተር የባት ጡንቻ ያጥራል፤ አጥሮ ሳለ ደግሞ ማታ ስስ ነጠላ ጫማ ሲደረግ በድንገት ይሳባል። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆም ሲጨመርበት ጅማቱ «በቃኝ» ይላል። መድኃኒቱስ? ቀዶ ጥገና አልነበረም። ደልዳላ ሶል ያለው ጫማ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ጣቶችን በእጅ ወደ ራስ ስቦ መያዝ፣ ግድግዳ ተደግፎ ባትን መሳብ፣ ማታ ማታ የቀዘቀዘ የውሃ ላስቲክ በውስጥ እግር ማንከባለል፣ እና ትዕግሥት። ይሄ ሕመም ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ የሚለቅ ነው። እሷንም በአራተኛው ወር ለቀቃት። ሥራዋም ተረፈ።

ድንቅነሽም በተረከዟ ነበር

«ሰው በተረከዙ ነው የሚጀምረው» የሚለው ነገር ከየት መጣ? መልሱ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከድሬ ብዙም የማይርቀው የአፋር ምድር ነው።

እዚያ አዋሽ አካባቢ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 በዝርዝር ስትታወቅ ሳይንቲስቶችን ያስደነቀው እግሯ ነበር። አውራ ጣቷ እንደ እጅ አውራ ጣት ተገንጥሎ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። መሬት ላይ በሁለት እግር ትሄዳለች ቢባልም በአውራ ጣት መሬት ገፍቶ መሄድ ግን አትችልም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት። ከእሷ ወገኖች የተገኘ አንድ የእግር አጥንት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጠና እነዚያ ጥንታዊ ፍጡራን እንደኛው ቅስት ያለው እግር እንደነበራቸው አመለከተ። ስፖንጅም ብረትም የሚሆነው እግር ያኔ ተጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ግን ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን በዚያው በአፋር ያገኘውና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረገው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእግር ቅሪት አውራ ጣቱ አሁንም የሚጨብጥ ነበር። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ ሁለት ዓይነት አረማመድ! ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኟት የዲኪካዋ ሕፃን ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ እግሯ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጠንቶ ሲወጣ በሁለት እግር እንደምትሄድ፣ ነገር ግን አውራ ጣቷ ከኛ ይልቅ እንደሚላወስ ታየ። ምናልባት እናቷ ላይ ለመንጠልጠል ሳይረዳት አልቀረም ይላሉ። እንግዲህ ያቺ ልጅ «እንደ ወታደር» የተባለላት እርምጃ ሚሊዮን ዓመታት የተሠራበት ነው!

ጫማ ወይስ ባዶ እግር?

ይሄን ስናነሳ ሻምበል አበበ ቢቂላን መዝለል ነውር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። በባዶ እግርም በጫማም! ከዚህ ምን እንማራለን? ዋናው ሞተር እግሩ ነው፤ ጫማው ልብስ ነው።

በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ውስጥ እግሩ ይደድራል። «ታዲያ ስሜቱ ይጠፋል» ብለን እናስባለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣና በምዕራብ ኬንያ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ደድሮም ቢሆን መሬቱን የመሰማት አቅሙ እንደማይቀንስ አሳይቷል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ግን መሬቱን ከእግራችን ይደብቀዋል።

ይሁንና «ጫማ ይጣል» ማለቴ አይደለም! አሸዋ ላይ ሚስማርም ብርጭቆም አለ፤ የድሬ የቀትር ፀሐይ የጋለበት መሬትም ምጣድ ነው። በደጋው፣ ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የእግር ዝሆኔን ያመጣል። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች በዚህ እንደሚሰቃዩ ተገምቷል። በሽታው በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ ብቻ መከላከል የሚቻል ነው። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችሁን ስትጠይቁ ከስኳርና ከቡናው ጋር ለልጆቹ ጫማ ጨምሩ።

ጠፍጣፋ እግር በሽታ ነው?

አሁን ልጁ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከዳነች በኋላ ሁሉንም ነገረችው። ሁለት ወር በጣቷ የሄደችው ለእሱ ብላ እንደሆነ ሲሰማ አፈረ። ከዚያ ወደ ደረቁ ወንዝ ወሰደችውና፣ «ጫማህን አውልቅ፣ አብረን እንሂድ» አለችው። ሃያ እርምጃ ሄደው ወደ ኋላ ዞሩ። የሷ ዱካ ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው፤ መሐሉ በውስጥ በኩል ባዶ። የሱ ዱካ ግን ከተረከዝ እስከ ጣት ሙሉ በሙሉ እንደ ጡብ የተጫነ ነበር። ጠፍጣፋ እግር! «አቦ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ ደነገጠ። «አረማመድህ ደስ አይልም!» አለችው። ሳቁ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ለሱ የተነገረውን ለናንተም ልንገራችሁ። ጠፍጣፋ እግር ካላመመ፣ በጣት ጫፍ ስትቆሙ ቅስቱ የሚወጣ ከሆነ፣ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ይኖራል፣ ይሮጣል፣ ሸክም ይሸከማል። ትናንሽ ልጆችማ ሁሉም ጠፍጣፋ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ውስጥ እግራቸው በስብ የተሞላ ነው። ቅስቱ የሚወጣው ልጁ እያደገ ሲሄድ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የሁለት ዓመት ልጃችሁን «እግሩ ጠፍጣፋ ነው» ብላችሁ አታስሩት፣ አታሳሹት። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1992 በሕንድ 2,300 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 ከመቶ፣ ከማያደርጉት ደግሞ 2.8 ከመቶ ብቻ ጠፍጣፋ እግር እንዳላቸው አሳይቷል። ልጅ ንጹሕ በሆነ ግቢ ውስጥ በባዶ እግሩ ይሩጥ። እግሩ ትምህርት ቤት ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለከተማ ወጣት የሚሆን ጥቂት ምክር፦

ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ግዙ። እግር ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት የሰፋ ጫማ ማታ ይጠባል። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር። ጣቶቻችሁ ውስጡ መላወስ ካልቻሉ፣ ቅናሽ ቢሆንም አትግዙት። ከፍ ያለ ተረከዝ ለሠርግና ለልደት ይሁን እንጂ ለየቀኑ መንገድ አታድርጉት።

ጫማው ከመሐሉ ሳይሆን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ መታጠፍ አለበት። አውራ ጣት ወደ ላይ ካልታጠፈ ያ የጉድጓድ ገመድ አይጠቀለልም።

ቆማችሁ የምትውሉ ከሆነ፣ ሱቅም ይሁን ፋብሪካ፣ በየመሐሉ ተረከዛችሁን አንስታችሁ አውርዱ። አሥር ጊዜ ይበቃል። የባት ጡንቻ ሲሠራ ደምን ወደ ላይ ይገፋል።

አጭር መንገድ ሲሆን ባጃጁን ተዉት። ያልተራመደ እግር መራመድ ይረሳል።

ጠዋት ጠዋት ተረከዝ የሚያማችሁ ከሆነና በጥቂት ሳምንታት ካልተሻለ፣ አንዱ እግር ብቻ በድንገት ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም እግር እየጎተተ ጣቱ መሬት የሚፈትግ ከሆነ ወደ ሐኪም ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ በየማታው ውስጥ እግራችሁን በመስታወትም ቢሆን እዩ፣ ጫማችሁን ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን በእጅ ዳስሱ። ስሜት ሲቀንስ ጠጠር ገብታ ብታቆስላችሁ አታውቁትም፤ ትንሽ ቁስል እግር እስከማስቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ይሄ ቀልድ የለውም።

እና ደግሞ... የምትወዱትን ሰው አረማመድ ከመተቸታችሁ በፊት አንዴ አስቡ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዱካ አለው። የመልካ ጀብዱው ሽማግሌ ከመቶ ዱካ መሐል የልጃቸውን ለይተው የሚያውቁት በዚሁ ነው። የሚያነክስ ሰው ካያችሁ «ምን ሆነሃል? አመመሽ እንዴ?» በሉት። ከዚያ በተረፈ እግርን ለባለቤቱ ተዉለት።

በሉ እንግዲህ፣ ጋዜጣውን አጥፋችሁ ትንሽ ተራመዱ። በተረከዝ ጀምሩ፣ በአውራ ጣት ጨርሱ። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!